ኦንላይን ኮርስ እንዴት ይዘጋጃል? ከካሜራው በፊት መልመጃው ይቅደም

የመጀመሪያውን ኦንላይን ኮርሴን ላዘጋጅ ስነሳ ቅድሚያ የሰጠሁት ማይክ ለመግዛት ነበር። ከዚያ ስላይድ ሠራሁ፣ ቀረጽኩ፣ ጫንኩ። ትምህርቱ ኤክሴል ለሒሳብ ሥራ ነበር። ተማሪዎቹ ቪዲዮዎቹን ወደዷቸው። "በጣም ግልጽ ነው" እያሉ ጻፉልኝ። መጨረሻ ላይ ግን የተዘበራረቀ የወጪ ሰንጠረዥ ሰጥቼ "የወሩን ሪፖርት ሥሩልኝ" ስላቸው፣ አብዛኞቹ ከየት እንደሚጀምሩ እንኳ ጠፋባቸው። እኔ ስሠራ አይተዋል፤ እነሱ ግን አንድም ቀን አልሠሩም።

ከዚያ ወዲህ ኮርስ የማዘጋጀው ከመጨረሻው ተነስቼ ነው። መጀመሪያ ተማሪው የሚሠራውን ሥራ አዘጋጃለሁ። ቀጥሎ ለሥራው እንዴት መልስ እንደምሰጥ አስባለሁ። ቪዲዮው የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ይሄ መመሪያም በዚሁ ቅደም ተከተል ይሄዳል። ምሳሌዬ ኤክሴል ይሁን እንጂ ቋንቋም አስተምሩ፣ ስፌትም አስተምሩ፣ ፕሮግራሚንግም አስተምሩ መንገዱ ያው ነው።

1. መድረሻውን በአንድ ዓረፍተ ነገር ጻፉ

"ይህን ኮርስ የጨረሰ ሰው ምን መሥራት ይችላል?" ለዚህ ጥያቄ በአንድ ዓረፍተ ነገር መልሱ። "ያውቃል"፣ "ይረዳል"፣ "ግንዛቤ ያገኛል" የሚሉትን ቃላት ተዉዋቸው። ግንዛቤ በዓይን አይታይም። የተሠራ ሥራ ግን ይታያል፣ ይታረማልም።

የእኔ ዓረፍተ ነገር እንዲህ ይላል፦ "ይህን ኮርስ የጨረሰ ሰው 300 ረድፍ ያለው የተዘበራረቀ የወጪ ሰንጠረዥ ተቀብሎ፣ አጽድቶ፣ የወሩን ሪፖርት በአንድ ሰዓት ውስጥ ለብቻው ያወጣል።" ምን ያህል ሥራ፣ በምን ያህል ጊዜ፣ በማን እርዳታ የሚለው ሁሉ አለበት።

ከሥሩ ሌላ አንድ መስመር ጨምሩ፦ ተማሪው ሲመጣ ምን ይዞ ይምጣ? የእኔ "ኮምፒውተር ከፍቶ ፋይል ማስቀመጥ የሚችል" ይላል። መድረሻው በአንድ ዓረፍተ ነገር አልገባ ካላችሁ፣ ምናልባት በእጃችሁ ያለው ሁለት ኮርስ ነው። ለዩት።

2. የመጨረሻውን ፈተና አሁኑኑ ሥሩ

ፈተና በመጨረሻ የሚዘጋጅ ነገር ይመስለናል። እኔ አሁን መጀመሪያ የምሠራው እሱን ነው። የሚፈተኑበትን ፋይል እውነተኛ ሥራ ላይ እንደሚያጋጥመው አድርጌ አበላሸዋለሁ። ቀኑ በሁለት ዓይነት አጻጻፍ ይገባል። የአንድ ድርጅት ስም ሦስት ቦታ በሦስት ዓይነት ፊደል ይጻፋል። አንዳንዱ ረድፍ ሁለት ጊዜ ይደገማል። አንዳንዱ ቁጥር ደግሞ ቁጥር መስሎ ጽሑፍ ሆኖ ይገባል።

ከዚያ ሰዓት ይዛችሁ ራሳችሁ ሥሩት። የነካችሁትን ነገር ሁሉ ጻፉ። የለመደ እጅ ያደረገውን አያስታውስም፤ ስለዚህ ሳትጽፉ አትለፉ።

ቀጥሎ ያለው እርምጃ ከሁሉም የሚበልጥ ጥቅም ያለው ይመስለኛል። ልታስተምሯቸው ያሰባችኋቸውን ዓይነት ሁለት ወይም ሦስት ሰዎች ፈልጉና ፋይሉን ስጧቸው። አጠገባቸው ተቀመጡ፣ ካልተመቸም በዙም ስክሪናቸውን ያጋሯችሁ። ምንም አትርዷቸው። ዝም ብሎ ማየት ከባድ ነው፤ እጅ ይበላል። ግን ታገሡ። የቆሙበትን ቦታ ሁሉ መዝግቡ።

እኔ ለግራፍ አሠራር ሰፊ ምዕራፍ አቅጄ ነበር። ሰዎቹን ሳይ ግን ማንም ግራፉ ጋ አልደረሰም። ሁሉም የቆሙት ድምሩ ላይ ነበር። ኤክሴል ውስጥ ቁጥር እንደ ጽሑፍ ከገባ የመደመሪያው ፎርሙላ ዘሎት ያልፋል። የስህተት ምልክትም አያሳይም። ትክክል የሚመስል፣ ግን የጎደለ ድምር ያወጣል። ይህን የሚያሳይ አንድ ፍንጭ አለ፦ ማንም ካልነካው በቀር ቁጥር ወደ ሳጥኑ ቀኝ ይጠጋል፣ ጽሑፍ ወደ ግራ። ከአራት ሳምንቱ ኮርስ የመጀመሪያው ሳምንት በዚህ የተሞላው ለዚህ ነው። ሰዎቹን ባላይ ኖሮ አንድ ደቂቃ እንኳ አልሰጠውም ነበር።

3. ከመጨረሻው ወደ መጀመሪያው ከፋፍሉት

ሰዎቹ የቆሙበት እያንዳንዱ ቦታ አንድ ትምህርት ይሁን። አንድ ትምህርት አንድ ነገር ብቻ ያስተምር፣ አንድ መልመጃ ይኑረው። መልመጃ የሌለው ትምህርት ካገኛችሁ ወይ መልመጃ ፈልጉለት ወይ አውጡት።

ለእያንዳንዱ ክፍል ይህን ጠይቁ፦ ተማሪው ይህን ባያውቅ የመጨረሻውን ፈተና ይወድቃል? አይወድቅም ከሆነ፣ "ለፈለገ ሰው ተጨማሪ" በሚል ገጽ ላይ አስቀምጡት። ይሄ ያማል። የምንወደው ነገር ነው ብዙ ጊዜ የሚወጣው። የእኔ የግራፍ ምዕራፍ ወጥቷል፤ ኮርሱም ተሻለው።

ሥራ ላይ ላለ ሰው ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት፣ በሳምንት ሦስት ሰዓት ያህል ይበቃል እላለሁ። ሰዓቱን ስትቆጥሩ የቪዲዮውን ርዝመት ብቻ አትቁጠሩ፤ መልመጃው ነው ጊዜውን የሚወስደው። እኔ በ10 ደቂቃ የምጨርሰውን መልመጃ ተማሪ 30 ደቂቃ ይፈጅበታል ብዬ ነው የማቅደው።

4. ተማሪው በምን እንደሚማር ጠይቁ

ምዝገባው ላይ ሦስት ጥያቄ ይበቃል። በስልክ ነው ወይስ በኮምፒውተር? በሞባይል ዳታ ነው ወይስ በዋይፋይ? በቀን የትኛው ሰዓት ይመቻል?

የዳታው ጉዳይ ቀላል ሒሳብ ነው። በሰከንድ 64 ኪሎቢት የሚወስድ የድምፅ ፋይል በሰዓት 29 ሜጋባይት ያህል ይሆናል። በሰከንድ 1 ሜጋቢት የሚወስድ ቪዲዮ ደግሞ በሰዓት 450 ሜጋባይት። ልዩነቱ ከ15 እጥፍ በላይ ነው። ስለዚህ በጽሑፍና በሥዕል የሚገባውን በጽሑፍና በሥዕል ስጡ። በድምፅ የሚበቃውን በድምፅ። እንቅስቃሴው መታየት ያለበትን ብቻ በቪዲዮ። ለእያንዳንዱ ቪዲዮም የተነገረውን በጽሑፍ አስቀምጡ። መስማት ለተሳነው ተማሪ የግድ ነው፤ ጫጫታ ውስጥ ላለውም፣ አንዲት ነጥብ ፈልጎ ለሚመለሰውም ይጠቅማል።

የትኛውን መድረክ ልጠቀም የሚለው ጥያቄ ብዙ ሰው ያስጨንቃል። ከ2002 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ያለውና በነፃ የሚገኘው ሙድል አለ። ጎግል ክላስሩም አለ። ቴሌግራም ላይ በተከፈተ ግሩፕ ጥሩ አድርገው የሚያስተምሩም አሉ። ተማሪዎቻችሁ አስቀድመው የለመዱትን ምረጡ። ብቻ አደራ፣ ሁሉም ነገር በአንድ ቦታ ይገኝ። ፋይሉ አንድ ቦታ፣ መልመጃው ሌላ ቦታ፣ ማስታወቂያው ሦስተኛ ቦታ ከሆነ ሰው ይጠፋል።

5. አሁን ቅረጹ

እ.ኤ.አ. በ2014 ፊሊፕ ጉዎ፣ ጁሆ ኪምና ሮብ ሩቢን የተባሉ ተመራማሪዎች ኤድኤክስ በተባለው የኦንላይን ትምህርት መድረክ ላይ 6.9 ሚሊዮን ጊዜ የታዩ ቪዲዮዎችን መረጃ መርምረው ነበር። ቪዲዮው የቱንም ያህል ቢረዝም፣ ተማሪዎች በአማካይ የሚያዩት ቢበዛ እስከ 6 ደቂቃ ያህል ሆኖ ተገኘ። ይህን የሰሙ ብዙ አስተማሪዎች የ50 ደቂቃ ሌክቸራቸውን ቆራርጠው ይጭናሉ። ጥናቱ ይህንንም አይቶታል። ከክፍል ተቀርጾ የተቆራረጠ ሌክቸር፣ ለኦንላይን ተብሎ የተሠራ ቪዲዮን ያህል ሰው አይዝም። ለአንድ መልመጃ የሚያዘጋጅ አንድ አጭር ቪዲዮ ሥሩ፤ ርዝመቱ በራሱ ይስተካከላል።

እዚያው ጥናት ላይ የወደድኩት ሌላ ነገር አለ። አስተማሪው ቢሮው ጠረጴዛ ላይ ተቀምጦ እንደ ጨዋታ አድርጎ የቀረጸው ቪዲዮ፣ ብዙ ወጪ ከወጣበት የስቱዲዮ ቪዲዮ በተሻለ ሰው ሊይዝ ይችላል። ስለዚህ ስልካችሁና ጸጥ ያለ ክፍል ይበቃችኋል።

ድምፅ ላይ ግን አትቆጥቡ። ሰው ደብዘዝ ያለ ምስል ይታገሣል፤ የሚያስተጋባ ድምፅ ግን ቶሎ ያደክመዋል። መጋረጃ፣ ፍራሽ፣ ልብስ ያለበት ክፍል ማስተጋባቱን ይቀንሳል። ማይኩን ከአፋችሁ አንድ ስንዝር ያህል አርቁትና ትንሽ ወደ ጎን አድርጉት፤ ትንፋሻችሁ በቀጥታ አይመታውም።

ስላይድ ላይ የተጻፈውን ቃል በቃል አታንብቡ። ተማሪው በዓይኑ ያነባል፣ በጆሮው ይሰማል፣ ሁለቱ ይጋጩበታል። ሪቻርድ ሜየር የተባሉት የሥነ ልቦና ተመራማሪ በዚህ ላይ ብዙ ሙከራ አድርገዋል። ምስል ከንግግር ጋር ሲሆን፣ ምስል ከንግግርና ያንኑ ንግግር ከሚደግም ጽሑፍ ጋር ከሚቀርብ ይልቅ ሰው በደንብ እንደሚማር አሳይተዋል። ስላይዱ ላይ ሥዕሉን ተዉ፣ ቃሉን እናንተ ተናገሩ።

ስክሪን ስትቀርጹ ፊደሉን አሳድጉ። ቀርጻችሁ ስትጨርሱ በስልክ ክፈቱትና ይነበብ እንደሆነ እዩ። በጣም የምመክረው ደግሞ ስህተቱን ሆን ብላችሁ ሠርታችሁ ማሳየት ነው። እኔ አንዱን ቁጥር እንደ ጽሑፍ አስገብቼ እደምራለሁ። "ድምሩ ትክክል ይመስላችኋል? ቪዲዮውን አቁሙና ፈልጉ" እላለሁ። ሁሉ ነገር በመጀመሪያ ሙከራ ሲሳካ ብቻ ያየ ተማሪ፣ የራሱ ሥራ ሲበላሽ ችግሩ የእሱ ስንፍና ይመስለዋል።

6. ያየውን ከራሱ ያውጣ

እ.ኤ.አ. በ2006 ሄንሪ ሮዲገርና ጄፍሪ ካርፒኪ የተባሉ ተመራማሪዎች ያደረጉት ሙከራ አስተማሪነቴን ለውጦታል። ተማሪዎች አጭር ጽሑፍ አነበቡ። ከፊሎቹ ደግመው አነበቡት። ከፊሎቹ ጽሑፉን ሳያዩ የሚያስታውሱትን ጻፉ። ከ5 ደቂቃ በኋላ ሲፈተኑ ደግመው ያነበቡት በለጡ። ከአንድ ሳምንት በኋላ ግን ተገለበጠ፤ ከራሳቸው አውጥተው የጻፉት በለጡ።

በተግባር የማደርገው ይህን ነው። እያንዳንዱ ትምህርት ሲጀምር ሦስት ጥያቄ ካለፈው ትምህርት፣ አንድ ጥያቄ ደግሞ ከሁለት ሳምንት በፊት ካለው እጠይቃለሁ። ማስታወሻ ሳያዩ ይመልሱ። ነጥብ የለውም። ነጥብ ሲኖረው ሰው ይገለብጣል፤ ሲገለብጥ ደግሞ ጥቅሙ ይቀራል።

የምርጫ ጥያቄ ከሆነ፣ የተሳሳቱትን ምርጫዎች ከሐሳባችሁ አትፍጠሩ። ሰዎች በእውነት ከሠሩት ስህተት ውሰዱ። ለምሳሌ፦ "ድምሩ ከጠበቃችሁት አነሰ፤ የስህተት ምልክት ግን የለም። መጀመሪያ የምታዩት ምንድን ነው?" ብዬ እጠይቃለሁ። አንዱ ምርጫ "ፋይሉን ዘግቼ እንደገና እከፍታለሁ" የሚል ነው፤ ብዙ ሰው የሚያደርገው ያንን ስለሆነ። ለእያንዳንዱ የተሳሳተ ምርጫም ለምን እንደማይሠራ ሁለት መስመር ጻፉ። "ስህተት ነው" ብቻ የሚል መልስ ማንንም አያስተምርም።

7. መልስ ስጡ

ከዚህ ጽሑፍ አንድ ክፍል ብቻ የምታነቡ ከሆነ ይህን አንብቡ።

እ.ኤ.አ. በ1840 እንግሊዝ አገር አይዛክ ፒትማን የተባለ ሰው የፈጠረውን የአጭር ጽሕፈት ዘዴ፣ ማለትም ንግግርን በምልክት ፈጥኖ የመጻፊያ ዘዴ፣ በፖስታ ማስተማር ጀመረ። በዚያው ዓመት አገሪቱ ውስጥ ደብዳቤ መላክ ረክሶ ነበር። ተማሪዎቹ ጽሑፍ ወደ አጭር ጽሕፈት ቀይረው ይልኩለታል፣ እሱ አርሞ ይመልስላቸዋል። ቪዲዮ የለም፣ ድምፅ የለም። እርማቱ ግን እየሄደ ይመለሳል። ዛሬ ብዙ ኮርሶች ቪዲዮው ሞልቶ እርማቱ የጎደላቸው ናቸው። እኔም ለመጀመሪያዎቹ ተማሪዎቼ ያጎደልኩባቸው ይህንኑ ነው።

እንዴት ይታረም? "ጎበዝ፣ ጥሩ ሠርተሃል" የሚለው ደስ ይላል፤ ግን ነገ ምን እንደሚያደርግ አይነግረውም። እንዲህ ብላችሁ ጻፉ፦ "የድርጅቶቹን ስም ማስተካከልህ ልክ ነው፤ አሁን አንድ ዓይነት ሆነዋል። 14ኛው ረድፍ ላይ ያለውን ቁጥር ግን እየው፤ ወደ ግራ ተጠግቷል። ምን ማለት ይመስልሃል? አስተካክልና አዲሱን ድምር ላክልኝ።" ልክ የሆነውን በስሙ ጠራሁለት፣ የሚታረመውን አንድ ነገር አሳየሁት፣ መልሱን ራሱ እንዲያገኘው ተውኩለት። አሥር ስህተት ቢኖር እንኳ ሥራውን የሚያበላሹትን አንዱን ወይም ሁለቱን ምረጡ። ሌላው ይደርሳል።

ፍጥነቱም ወሳኝ ነው። እኔ በ48 ሰዓት ውስጥ እመልሳለሁ ብዬ ቃል እገባለሁ። ከሳምንት በኋላ የመጣ እርማት፣ ተማሪው የሠራውን ከረሳ በኋላ ነው የሚደርሰው።

ስለዚህ ምዝገባ ከመክፈታችሁ በፊት ሒሳቡን ሥሩ። 30 ተማሪ ካላችሁና ለአንዱ 8 ደቂቃ ከሰጣችሁ፣ ለአንድ መልመጃ 4 ሰዓት ያስፈልጋችኋል። ያ 4 ሰዓት በሳምንቱ ውስጥ የት አለ? ከሌለ ወይ የተማሪውን ቁጥር ቀንሱ፣ ወይ የመልመጃውን። ቪዲዮውን ደግሞ ማሳመር ትታችሁ ሰዓቱን እዚህ ብታውሉት እመርጣለሁ።

ተማሪው 200 ከሆነስ? ያኔ ብቻችሁን አትችሉትም። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው። ተማሪዎቹ ሁለት ሁለት ሆነው እርስ በርስ ይተራረሙ። ግን በባዶ እጅ አትልቀቋቸው፤ አምስት ነጥብ ያለው የማረሚያ መስፈርት ስጧቸው። መስፈርቱ "ሥራው ጥሩ ነው?" አይበል። "በ'ወጪ' ዓምድ ወደ ግራ የተጠጋ ቁጥር አለ? ካለ በስንተኛው ረድፍ?" ይበል። እናንተ ደግሞ ከሁሉም ውስጥ 20 ያህሉን አይታችሁ፣ በብዛት የታዩትን ሦስት ስህተቶች ከነማስተካከያቸው ለሁሉም ላኩ። ለከበደው ተማሪ የአንድ ደቂቃ የድምፅ መልእክት በቴሌግራም መላክም ብዙ ይረዳል፤ ከመጻፍ ይፈጥናል፣ ሰው መኖሩንም ያሳያል።

8. ቀጥታ ስትገናኙ ሌክቸር አትስጡ

ሌክቸሩ ተቀርጿል። በዙም የምትገናኙበት ሰዓት አብሮ ለመሥራት ይዋል። ከ45 ደቂቃ እስከ አንድ ሰዓት ይበቃል። አንድ ተማሪ ስክሪኑን ያጋራል፣ የቆመበትን ያሳያል፣ ሌሎቹ ይረዱታል። እናንተ መጨረሻ ተናገሩ።

ጥያቄ ስትጠይቁ በልባችሁ እስከ 10 ቁጠሩ። ድምፅ ይዘገያል፣ ሰው ማይኩን እስኪከፍት ጊዜ ይወስዳል። ሁልጊዜ ሁለት ሰው ብቻ የሚመልስባችሁ ከሆነ ይህን ሞክሩ፦ "ሁላችሁም መልሳችሁን ጻፉ፤ ላኩ እስክላችሁ ግን አትላኩ" በሉ። አንድ ደቂቃ ስጡና "አሁን ላኩ" በሉ። ዝም ይሉ የነበሩት ሁሉ በአንዴ ይመጣሉ፤ ማንም የሌላውን አይቶ አልጻፈም።

9. የቀሩትን ቶሎ ፈልጉ

ኤምአይቲ የተባለው የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ2012 የመጀመሪያውን የኤድኤክስ ኮርስ በኤሌክትሮኒክስ ሲከፍት ወደ 155,000 ሰው ተመዘገበ። ያለፉት 7,157 ነበሩ። ኮርሱ ነፃ ስለነበር ሁሉም ለመጨረስ የመጣ አልነበረም፤ እንደ ውድቀት ብቻ መታየት የለበትም። ያም ሆኖ መመዝገብና መማር ምን ያህል እንደሚራራቁ ያሳያል።

የመጀመሪያው ቀን መልመጃ በ10 ደቂቃ የሚያልቅ ይሁን፤ በዚያው ቀንም መልስ ስጡበት። የመጀመሪያውን ሥራ የላከ ሰው ሁለተኛውን ለመላክ አይፈራም። ሥራ ሳይልክ ሳምንት ላለፈው ደግሞ ለብቻው ጻፉለት። የምልከው መልእክት ይሄ ነው፦

"ሰላም፣ የሁለተኛው ሳምንት መልመጃ አልደረሰኝም። ጊዜ አጥሮ ነው ወይስ የሆነ ቦታ ላይ ያዘዎት? የያዘዎትን ቦታ ፎቶ አንስተው ቢልኩልኝ አብረን እናየዋለን።"

ወቀሳ የለበትም፣ ማስፈራሪያም የለበትም። ብዙዎቹ ይመልሳሉ። ከመልሱ የማገኘው ደግሞ ብዙ ጊዜ አንድ ነው፦ አንዲት ትንሽ ቦታ ላይ ቆመዋል፣ መጠየቅ አፍረዋል፣ ከዚያ የሳምንቱ ሥራ ተደራርቦባቸዋል። ለዚህ ስል ኮርሱ መሃል ላይ አዲስ ትምህርት የሌለበት አንድ ሳምንት አስገባለሁ። የቀረው ይደርስበታል፣ የደረሰው ያርፍበታል።

10. መጀመሪያ ለጥቂት ሰው፣ ከዚያ አስተካክሉ

የመጀመሪያውን ዙር ከ8 እስከ 12 ለሚሆኑ ሰዎች ክፈቱ፤ ሙከራ መሆኑንም ንገሯቸው። አንድ ደብተር ይዛችሁ የሚጠየቀውን ሁሉ ጻፉ። አንድ ጥያቄ ሁለት ጊዜ ከመጣ ትምህርቱ ላይ የጎደለ ነገር አለ።

ዙሩ ሲያልቅ በሁለተኛው እርምጃ ያዘጋጃችሁትን ፈተና ስጧቸው። "ኮርሱን ወደዳችሁት?" የሚለውን መጠይቅም መላክ ትችላላችሁ፤ እኔ ግን ይበልጥ የማምነው ፋይሉን ነው። የወደቁበትን ቦታ አይታችሁ ያንን የሚያስተምረው ትምህርት የትኛው እንደሆነ ለዩ። መጀመሪያ መልመጃውን አስተካክሉ። ብዙ ጊዜ እሱ ብቻ ይበቃል። ካልበቃ ቪዲዮውን እንደገና ቅረጹ።

ከአንድ ወር በኋላ ደግሞ ሌላ የተዘበራረቀ ሰንጠረዥ ላኩላቸው፤ "ይሄን በአንድ ሰዓት ሞክሩት" በሏቸው። ሁሉም አይመልሱም። የሚመልሱት ፋይል ላይ ግን ወደ ግራ የተጠጋ ቁጥር ቀርቶ እንደሆነ አያለሁ። ከቀረ ለሚቀጥለው ዙር አንደኛውን ሳምንት እንደገና እሠራዋለሁ።